መፍቻዎቹ እንዲተነፍሱ

ሬዲዮ ነው የሚሏት። እውነተኛ ስሟን ከእናቷ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም፤ አስተማሪዎቿ እንኳ «አንቺ ሬዲዮ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ በይ» ነው የሚሏት። ወሬ በጆሮዋ ከገባ በአፏ ሳይወጣ አያድርም። የጓደኛዋን የልደት ስጦታ ለራሷ ለባለልደቷ የነገረችው እሷ ናት። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ተደብቃ «እዚህ እኮ አታገኙኝም!» ብላ የጮኸችውም እሷ ናት። ክፋት የላትም፣ በቃ አፏ ከእሷ ይቀድማል።

እና እስቲ አስቡት፣ ይቺ ልጅ ሚስጥር ይዛለች! ትልቅ፣ ወፍራም፣ ሆድ የሚነፋ ሚስጥር፣ ያውም አመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው። እንዴት እንደቻለችው ራሷም አይገባትም። አንዳንዴ ሲብስባት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ትከፍትና ለውሃው ትነግረዋለች።

ሚስጥሩ ያለው አባቷ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቀይ ከፋይ የለበሰች፣ ዝቅ ያለች፣ ሰፋ ያለች፣ ሲቀመጡባት ስምጥ የምታደርግ መቀመጫ አለች። የእማማ ወንበር ናት። ተሳፋሪ ተሳስቶ ቢቀመጥባት እማማ «ልጄ፣ እሷ ባለቤት አላት፣ ወዲህ ጠጋ በል» ትለዋለች። ታዲያ ከዛ ከፋይ ስር ስፖንጅ አለ፣ ከስፖንጁ ስር የብረት ሳጥን አለ፣ ከብረት ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የጋዝ ሲሊንደር አለ።

ጋዝ! ከእማማ ስር! ኧረ በሞቴ!

ይሄ ለምን ጉድ እንደሆነ ለመረዳት እማማን ማወቅ ያስፈልጋል። እማማ የሬዲዮ የእናቷ እናት ናት፤ ለአባዬ አማቱ ናት ማለት ነው፣ የሚኖሩትም ሁሉም አንድ ቤት ነው። ስራዋ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። ምድር ቤት ያለችው ሰፊ ክፍል የእሷ ናት፦ የስፌት መኪናዋ፣ የስፖንጅ ክምሯ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የጨርቅ ጥቅል፣ ባዶ እግር የሚሄድን ሁሉ የሚወጋ መርፌ። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለቻት ትንሽ መቀስ አለች፣ ስትተኛ ታወልቃት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰፈርተኛው «እማማ መቀስ» ይላታል፤ ስለመቀሷ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ምላሷን አልቀመሰም ማለት ነው።

እማማ ውሻ አትፈራም፣ መብረቅ አትፈራም፣ ሊቀመንበር አትፈራም። ጋዝ ግን! ድሮ፣ ሬዲዮ ሳትወለድ፣ በእንፋሎት የሚያበስለው ድስት ክዳኑ ተፈናጥሮ ጣሪያውን መትቶት ነበር። ምልክቱ እስከዛሬ ኩሽናው ጣሪያ ላይ አለ፣ ክብ፣ ልክ እንደ ጨረቃ። ቤቱ ቀለም ሲቀባ እንኳ «እሷን እንዳትነኩ፣ ማስረጃዬ ናት» ብላ አስተርፋዋለች። እንግዳ ሲመጣ ከሳሎን በፊት የሚያየው እሱን ነው።

«አየሽልኝ? እንፋሎት ነው እንዲህ ያደረገው። እንፋሎት ብቻ! ጋዝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ ላንቺ ሻይ የምቀዳ ይመስልሻል?»

ስለዚህ እዛ ቤት ምግብ የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ዳቦ ይበላል። ሳይመጣ ሲቆይ ደግሞ ዳቦ በዳቦ ይበላል።

አባዬ ይሄን ሁሉ ያውቃል እኮ! ግን ቤንዚን ኪሱን እየጠጣበት፣ ሾፌር ጓደኞቹም «በተፈጥሮ ጋዝ አስቀይረው፣ ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው» እያሉ ሲጎተጉቱት ሚኒባሱን ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ የመጨረሻውን ረድፍ ግማሽ አነሳና ሲሊንደሩን በብረት ሳጥን አድርጎ አሰረው። አባዬ ለአማቱ ሊነግራት አስቦ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ በጥሩ ቀን፣ ሻይ ከጠጣች በኋላ። ሰውየው ሁሉን ነገር በቀስታ ነው የሚያደርገው፣ መንዳቱንም ጭምር።

እማማ ግን ቀስታ የሚባል ነገር አታውቅም። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ የኋላውን በር ከፍታ ሜትሯን ይዛ ቆማለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ፣ እማማ?»

«ይሄ ነዋ! ይሄ ራቁቱን የተገተረው ሳጥን!»

የአባዬ ፊት ቀለሙ ጠፋ። «እሱማ... የመፍቻ ሳጥን ነው።»

«ይሄን ያህል መፍቻ አለህ እንዴ?»

«ትላልቆች ናቸው።»

ሬዲዮ ከጋራዡ አብራው ነው የመጣችው፣ ሁሉንም በአይኗ አይታለች። አፏን ከፈት ስታደርግ አባዬ ቀስ ብሎ ጫማዋን ረገጠው። ሚስጥሩ የተወለደው እዚች ጋ ነው።

«በእኔ አማች መኪና ውስጥ ራቁት ብረት!» አለች እማማ። «ሰው ምን ይለኛል? እንደው ሌላውን ሁሉ እያለበስኩ የራሴን ቤት አራቁቼ? አለብሰዋለሁ።»

«ኧረ አይድከሙ፣ እማማ!»

«ዝም በል፣ ያዝልኝ ጫፉን።»

እየለካች እያለች አባዬ ላብ በላብ ሆነ። መካኒኩ ሳጥኑ ጎንና ጎን ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ አደራ ብሎታል። እና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እማማ፣ ግራና ቀኙን ግን ቀዳዳ ይተዉልኝ።»

«ቀዳዳ ለምኑ?»

«ለመፍቻዎቹ።»

«መፍቻዎቹ ምን እንዲሆኑ?»

«እንዲተነፍሱ።»

እማማ ሜትሯን ጣለችና በሳቅ ፈረሰች! ሆዷን ይዛ፣ በሩን ተደግፋ። «መፍቻዎቹ እንዲተነፍሱ! ወይ የኔ ልጅ! ትራስስ ላድርግላቸው?» ለዳቦ ጋጋሪዋ ነገረች፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነገረች፣ ሰው ሁሉ አባዬን ሲያገኝ «መፍቻዎቹ እንዴት አደሩ፣ ደህና ተነፈሱ?» ማለት ጀመረ። ቢሆንም እማማ ስራዋ ላይ ቀልድ የለም፤ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ከፈፈቻቸው፣ ልክ የሙሽራ ቀሚስ ቁልፍ ቤት እንደሚከፈፍ። የቤቱን ምርጥ ስፖንጅ አነጠፈች። ልትሞክረው ቁጭ ስትል ታዲያ አይኗ ፈጠጠ።

«ወገቤ! ወገቤ እኮ ዝም አለ! ከዛሬ ጀምሮ ይቺ የኔ ናት።»

በቃ። ከዛ ቀን ወዲህ ጨርቅ ልትገዛ ገበያ ስትሄድ እንደ ንግሥት ጋዙ ላይ ቁጭ ብላ፣ በመስኮት እያየች፣ አንዳንዴም እንቅልፍ ሸለብ እያደረጋት ነው የምትሄደው።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነበር። ክፉው ነገር ጋዝ የሚሞላበት ቦታ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፣ ያውም ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ። ሰልፉ ደግሞ አይጣል ነው! አባዬ ሬዲዮ ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይመለሳል። በእሁድ ብቻ ነው የሚገናኙት። እና አባዬ ማለት ለሬዲዮ ምን እንደሆነ! ሌላው ሰው ሁሉ ወሬዋን መሃል ላይ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ያቋርጣታል። አባዬ ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል። «ከዛስ?» ይላል። «እሷስ ምን አለች?» ይላል። አሁን የሳምንቱ ወሬ ሁሉ እየተጠራቀመ እሁድ ላይ ተጣድፋ ስታወራው ግማሹ ይረሳታል። አድማጭ የሌለው ሬዲዮ ሆነች እኮ!

አንድ ቀን ታዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከሰፈሩ መግቢያ ያለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ጎማ የሌለው አሮጌ አውቶቡስ በሚበሰብስበት ጋ፣ ቢጫ ቆብ ያደረገች ሴት ሰሌዳ ስታስተክል አየች። ሬዲዮ እንደው ዝም ብላ ታልፋለች? ቀጥ ብላ ሄደች።

«እዚህ ምን ልትሠሩ ነው?»

ሴትየዋ መሐንዲስ ናት፣ ሳቂታ ነገር ናት። «ገና ሐሳብ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ማደያ፣ ለመኪና። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ሰፈሩ ከተስማማ ይሠራል፣ እምቢ ካለ ሌላ ሰፈር ይወሰዳል።»

ሬዲዮ ከደስታዋ ብዛት መሐንዲሷን አቀፈቻት! የማታውቃትን ሴት! ቆቡ ወደቀ። ከዛ ሩጫ ወደ ቤት፣ ደብተሯ አንድ ቦታ፣ ኮቷ አንድ ቦታ፣ እየጮኸች፦

«እማማ! ባዶው ቦታ ላይ የጋዝ ማደያ ሊሠራ ነው!»

አይይይ፣ ይቺ አፍ! እግሯ ምድር ቤት ደረጃው ላይ ሳለ ነው የገባት፣ ለማን እየነገረች እንደሆነ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ።

«የምን?» አለች እማማ።

እሁድ ጠዋት አባዬ መኪናውን ሲያጥብ ሬዲዮ ባልዲውን ይዛ አጠገቡ ቆማ ስለማደያው ነገረችው። ደስ ይለዋል ብላ ነበር፣ ደስም ብሎታል፣ ግን ሌላ ነገር ፊቱ ላይ አለ።

«ስሚኝማ፣ ሬዲዮዬ» አለ መስታወቱን እያሸ። «ይሄ ማደያ ከመጣ እሰየው። ካልመጣ ግን እንዲህ እየተመላለስኩ አልችልም። እዛ ማደያው አጠገብ የምሠራበት መስመር አግኝቻለሁ። ክፍል ተከራይቼ እዛው አድራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ይሆናል፣ ካልተመቸም በወር አንዴ...»

«በወር?»

«እናትሽ ታውቃለች። ለእማማ አልነገርኳትም። ያንንም ይሄንንም አንድ ላይ እንዴት ልንገራት?»

ባልዲው ከእጇ ወደቀ፣ ውሃው በሙሉ ጫማዋ ውስጥ ገባ። በወር አንዴ! በወር ስንት ወሬ ነው የሚጠራቀመው? ማን ነው «ከዛስ?» የሚላት?

«ታዲያ ለእማማ ወንበሯን እንንገራት! ጋዝ ላይ ተቀምጣ ምንም እንዳልሆነች ካወቀች...»

«አንቺ ልጅ! ካወቀች መኪናውንም እኔንም በዛች መቀስ ትቆራርጠናለች። ማይልኝ፣ አትነግሪያትም።»

«አልነግራትም» አለች ሬዲዮ። ማለችም።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ! እማማ ስራዋን ሁሉ ትታ ቤት ለቤት ዞረች። ሰውን እየጎተተች አምጥታ የጣሪያዋን ጨረቃ አሳየች። የማታውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር! ይባስ ብላ ደግሞ ባነር ሰፋች፦ «ጋዝ ከሰፈራችን ይራቅ!» የሚል፣ ፊደሉ በነጭ ጨርቅ ተቆርጦ የተለጠፈ። የባነሩ ጨርቅ ራሱስ የምኑ ነው? ቀይ ከፋይ! ከዛችው ከወንበሯ የተረፈው! ሬዲዮ መርፌ እየቀበለቻት፣ ከፋዩን እያየች፣ ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ ሊደማ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?» አለች እማማ በመነጽሯ አናት እያየቻት። «አመመሽ እንዴ?»

«ምንም።»

እናቷ በር ላይ ቆማ ሁለቱንም አየቻቸውና «እኔ የለሁበትም» ብላ ሄደች። እናቷ በአንድ ቃል ብቻ ከጣጣ መውጣት ትችልበታለች።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ሊቀመንበሩ ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፣ በማበጠሪያ ጠረጴዛ እየመቱ «ጸጥታ! ጸጥታ!» ይላሉ። አባዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ከስራ ቀርቶ መጥቷል፣ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ኩምሽሽ ብሎ ተቀምጧል። እማማ ፊት ለፊት ናት፣ ባነሯን ጭኗ ላይ ጠቅልላ።

መሐንዲሷ ስዕሏን ግድግዳ ላይ ሰቀለች። እዚህ መግቢያ፣ እዚህ መውጫ፣ እዚህ መሙያ። ጥያቄ ሲባል እንቁላል ሻጩ ዘለው ተነሱ።

«ዶሮዎቼ በድምፁ ደንግጠው እንቁላል ቢያቆሙብኝ ማን ይጥልልኛል?»

«አንተው ትጥላለሃ!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ድምፁ አይሰማም፣ አጥር ይኖረዋል» አለች መሐንዲሷ። «እሳት ይነሳል ብላችሁ የምትፈሩትም፣ ይሄ ጋዝ ከአየር ይቀላል። ቢያመልጥ እንኳ መሬት ላይ አይከማችም፣ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«የድስቴ ክዳንም ወደ ላይ ነው የሄደው!» አለች እማማ።

በቃ አዳራሹ የእማማ ሆነ። ጭብጨባው! ተነሳች፣ ባነሯን ዘረጋች፣ አንዱን ጫፍ ለዳቦ ጋጋሪዋ አስያዘች። ቀዩ ከፋይ በመብራቱ አብለጨለጨ።

«ስሙኝ ልጆቼ! እኔ ይሄን ሁሉ እድሜ የኖርኩት ለምን ይመስላችኋል? ጋዝ ካለበት ስለማልቀመጥ ነው! አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም፣ አልቀመጥምም!»

«ተቀምጠሻል!»

ድምፁ ከየት መጣ? ሬዲዮ ራሷ ዞር ብላ ፈለገችው። ሰው ሁሉ እሷን እያየ ነው። ወይኔ! ቆማለች! አፏ ክፍት ነው!

«ምን አልሽ?» አለች እማማ።

ከዛ በኋላ ማን ያቆማታል? የአመቱ ሁሉ በአንዴ ወጣ። «ተቀምጠሻል! በየሳምንቱ! ወንበርሽ እኮ ጋዝ ነው፣ መፍቻ አይደለም፣ መፍቻ የለም፣ ሲሊንደር ነው፣ አባዬ ፈርቶሽ ነው፣ ገበያ ስትሄጂ ጋዝ ላይ ነሽ፣ ስትመለሺ ጋዝ ላይ ነሽ፣ እዛው ላይ ተኝተሽ እንኳ አንኮራፍተሻል! ይሄ ባነር ራሱ የጋዙ ልብስ ትርፍ ነው!»

አባዬ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ከወንበሩ ስር ሊገባ ምንም አልቀረውም።

እማማ ባነሯን ለዳቦ ጋጋሪዋ ትታ፣ በመተላለፊያው መሃል ቀጥ ብላ ሄደች፣ ወጣች። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተከተላት። ሊቀመንበሩ «ስብሰባው አልተዘጋም!» እያሉ ማበጠሪያቸውን እንደያዙ ሮጡ።

እማማ የሚኒባሱን የኋላ በር ከፈተች። ከአንገቷ መቀሷን ይዛ የገዛ ስፌቷን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችው። ከፋዩን ገለጠች። ስፖንጁን አነሳች። የሳጥኑን ክዳን ስታነሳ ሰፈሩ በሙሉ ወደኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ እንቁላል ሻጩ ከመብራት እንጨት ጀርባ ገቡ። ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጸጥ ብሎ የተኛ ነገር ነው።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው፣ እማማ» አለ አባዬ። ድምፁ የትንኝ ሆኗል።

«መፍቻዎቹስ?»

«ሾፌር ወንበር ስር ናቸው። ሁለት ናቸው።»

«ሁለት!» አለች እማማ። «እኔ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ አማቼ የመፍቻ ሀብታም ነው እያልኩ! ቀዳዳውን አንድ በአንድ በእጄ! አይኔ እስኪጠፋ!»

አንዱ ሊስቅ ሲል እማማ ዞር ብላ አየችው፣ ሳቁን ዋጠው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ፈርቼዎት ነው። እውነቴን ነው። ደግሞ እንዳይሳፈሩልኝ ሰጋሁ። እርስዎ ከኋላ ተቀምጠው ሲያንጎራጉሩ መንገዱ ያጥርልኛል፣ እማማ። ቀን በቀን ነገ እነግራታለሁ እያልኩ... አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታዎትን።»

እማማ መቀሷን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገቻት። አሁን ለሬዲዮ ሁለተኛው ሚስጥር ምላሷ ላይ መጣባት። ማለች እኮ! ግን የማለችው ስለወንበሩ ነው፣ ስለሌላው ማን አስማላት?

«እማማ፣ ማደያው ካልተሠራ አባዬ ከቤት ሊሄድ ነው! እዛ ማዶ ክፍል ሊከራይ ነው! በወር አንዴ ነው የሚመጣው!» አለችና ድምፏ መሃል ላይ ተሰበረባት። «እኔ ደግሞ የማወራለት ሰው አይኖረኝም።»

እማማ ቀስ ብላ ወደ አባዬ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ የት እንደገባ እንጃ።

«አንተ ነህ የምትሄደው?»

አባዬ መሬት መሬቱን አየ።

«ከእኔ ቤት? ሳትነግረኝ? ሰው እንደሌለው የሰው ክፍል ውስጥ ብቻህን ዳቦ ልትበላ?» አለች። «እኔ እኮ እንደዚህ የምትጠፋው ስራ የወደድክ መስሎኝ፣ ለልጄ እንኳ 'ባልሽ ቤቱን ረሳው' ብዬ አማሁህ!»

«ሰልፍ ላይ ነኝ፣ እማማ። ህይወቴ ሰልፍ ላይ አለቀ።»

እማማ ሲሊንደሩን አየችው። እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋችና በጣቷ ጫፍ ነካችው፣ የሰው ሕፃን እንቅልፍ ወስዶት እንደሆነ ለማየት እንደሚነካ። ምንም አልሆነም። በመዳፏ ደበደበችው። ምንም።

«አንቺ ባለቢጫ ቆብ!» ብላ ተጣራች። «ነይ እስቲ፣ ወገብሽን ጎንበስ አድርገሽ እይልኝ። ይሄ ነገር እንዲህ ሆኖ ደህና ነው?»

መሐንዲሷ ጎንበስ አለች። ሳጥኑን አየች፣ ማሰሪያውን አየች፣ ቀዳዳዎቹ ጋ ስትደርስ ቆየች።

«በደንብ ታስሯል። አየሩም ይንቀሳቀሳል፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ቢደፈኑ ግን ዛሬውኑ አስነሳው ነበር። ማነው እንዲህ አሳምሮ የከፈፋቸው?»

እማማ ትከሻዋን ሰበቀች፣ ግን አንጀቷ ቅቤ መጠጣቱን ሰፈሩ ሁሉ አየ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች መሐንዲሷ። «በየጊዜው ተከፍቶ መታየት አለበት። ልብሱ የተሰፋ ሳይሆን የሚከፈት ቢሆን...»

«ዚፕ?» አለች እማማ። «ዚፕ ነው የምትፈልጊው? ልጄ፣ ሻይ እስክትጠጪ አደርሰዋለሁ። ሌላ ልጠይቅሽ። ሲሞላ እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ ነው?»

«አይደለም። ሲሞላ ሰው ሁሉ ይወርዳል።»

«ወርዶ የት ይቆማል?»

መሐንዲሷ ስዕሏ ወደተሰቀለበት አዳራሽ አየች። «እ... ዳር ላይ።»

«ዳር ላይ! በዝናብ? በጸሐይ? ነፍሰ ጡሯ፣ ወገቧን የሚያማት፣ ዳር ላይ? ስዕልሽ ላይ መኪናው ብቻ ነው እንዴ ያለው? ሰው የለበትም?»

«የለበትም» አለች መሐንዲሷ፣ ሳቅ እያለች። «እውነትዎን ነው።»

«እንግዲያው ጨምሪ። ጣሪያ ያለው፣ መቀመጫ ያለው። መውጫውንም ከትምህርት ቤቱ በር አዙሪልኝ፣ ልጆች አሉ። የወንበሩ ልብስ በእኔ ነው። ይሄን ካደረግሽ...» ዞር ብላ አባዬን አየችው፣ ሬዲዮን አየቻት፣ አፍንጫዋን በመሃረቧ ጠረገች። «ይሄን ካደረግሽ እኔ የምቃወመው ድስቱን ብቻ ነው።»

መሐንዲሷ ስዕሉን ከግድግዳው አውርዳ የሚኒባሱ በር ላይ አስደግፋ፣ እዛው በእርሳስ ጣሪያና መቀመጫ ሳለችበት፣ መውጫውንም አዞረችው። ሊቀመንበሩ ማበጠሪያቸውን ከፍ አድርገው ድምፅ እዛው መንገድ ላይ አስሰጡ። መጀመሪያ የወጣችው የእማማ እጅ ናት፣ መቀሷን እንደያዘች። ከዛ ዳቦ ጋጋሪዋ። ከዛ እጅ በእጅ ሆነ! እንቁላል ሻጩ ብቻ ከመብራት እንጨቱ ጀርባ ሆነው «ዶሮዎቼን አማክሬ» አሉ። ሬዲዮ ሁለቱንም እጇን ነው ያወጣችው፣ ሊቀመንበሩ «አንዱን አውርጂ፣ አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ» ብለው ሁለቱንም አስወረዷት። ግድ የላትም! እየዘለለች ነበር።

ማደያው ሲከፈት አሮጌው አውቶቡስ ከነዝገቱ ተነስቶ፣ ቦታው ጸድቶ፣ ከመሙያው ራቅ ብሎ ጣሪያ ያለው ማረፊያ ተሠርቶ ነበር። መቀመጫዎቹ ቀይ ከፋይ ለብሰዋል። የመጀመሪያዋን ገልበጥ አድርጎ ስሯን ያየ ሰው «ጋዝ ከሰ» የሚል ነጭ ፊደል ያገኛል፤ እማማ ጨርቅ አትጥልም።

አባዬ አሁን በብርሃን ይገባል። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ሬዲዮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች፣ ጫማውን ሳያወልቅ ጀምራ ራት እስኪቀርብ አትጨርስም። እሱም «ከዛስ?» ይላል። እማማ ከምድር ቤት የስፌት መኪናዋን አቁማ ትጮሃለች፦

«አንተ! መፍቻዎቹ ጠጡ?»

«ጠጥተዋል፣ እማማ!»

«እሰይ። ነገ ገበያ ነኝ፣ ወንበሬን እንዳታስነካብኝ!»